የአማቱ የኋላ ካሜራ

ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት አማቱ ናቸው፤ ልጃቸውን ያገባ ሰሞን፣ «ቀጭን ነው፣ ጠማማ ነው፣ ሲነኩት ደግሞ ይነዝራል» ብለው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆኑ ስሙን አጸናው እንጂ አላመጣውም። እኚያ ሴትዮ መኪናቸውን በባዳ ሲያሠሩ ኖረው፣ ዛሬ ጠዋት ቁልፉን መዳፉ ላይ ሲያኖሩለት ሽቦ ጮቤ ረገጠ።

ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። አሁንም አራስ ሊያዩ ከሰፈር ሰፈር ይዞራሉ፤ መንገድ ግን አይዙም። ስለዚህ ካርታ እያሳየ የሚመራ ስክሪን ገዝተው መጡ። አንገታቸው ደግሞ ወደ ኋላ አይዞርም፤ ፋብሪካው የገጠመው የኋላ ካሜራ በአዲሱም ስክሪን መሥራት አለበት።

«ስማ፣ ይዛው ከተወለደችው ነገር አንድም እንዳይጎድል» አሉት፣ መኪናዋን በአገጫቸው እያሳዩ።

«ምንም አይጎድልም፣ እማማ። እትብቷን ብቻ ነው የምቆርጠው።»

አልሳቁም።

አሮጌውን ቴፕ ነቀለ። መሪው ላይ ያሉትን ቁልፎች ከአዲሱ ስክሪን ጋር አንድ በአንድ አስተዋወቀ፤ ካሜራውንም አገናኘ። የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ከኋላ ያለው ግድግዳ ጥርት ብሎ መጣ። «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይነበባል። አማቱ ጮክ ብለው አነበቡትና በስንት ዘመናቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ጎሽ!» አሉ።

ሽቦ ለሚስቱ ሊያሳይ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አነሳው። አማቱም መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ።

ነገሩ የተገለጠለት ምሳ ሊበላ እጁን ሲታጠብ ነው። ከመታጠቢያው በላይ የተሰነጠቀ መስታወት አለ። ቱታው ደረት ላይ ያለው ጽሑፍ መስታወቱ ውስጥ ተገልብጦ ታየው። ሁሌም ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ መስታወት ነዋ። እጁ ሳሙናው ላይ ቀረ። የኋላ ካሜራም እንደ መስታወት ነው፤ ጽሑፍ መገልበጥ አለበት! የፋብሪካው ካሜራ ምስሉን ራሱ ገልብጦ ይልካል። አዲሱ ስክሪን ደግሞ ያልተገለበጠ መስሎት እንደገና ገለበጠው። ጽሑፉ የተነበበው ለዚህ ነው። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኗል። እሱ ግን «ጎሽ» ተብሎ ፎቶ ያነሳል!

ወዲያው ሚጡ ታየችው። ልጁ ናት። አያቷ ከመዋዕለ ሕፃናት ያመጧትና ግቢያቸው በር ላይ ያወርዷታል። ሚጡ ታዲያ ራሷን በራሷ ሾማለች፤ በአያቷ መስኮት በኩል ካለው ከግራው የበር ምሰሶ ሥር ትቆምና እጇን እያወናጨፈች፣ «ነይ! ነይ! ነይ!» እያለች መኪናዋን ወደ ኋላ ታስገባለች። ሌላ ጊዜ በዚህ ይስቅ ነበር። ዛሬ ግን አያቷ በስክሪኑ ቀኝ ያዩዋታል። ከእሷ ልራቅ ብለው መሪውን ወደ ግራ ያጥፋሉ። ወደ እሷ።

ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። «መሪ የያዘ እጅ ስልክ አይዝም» የሴትዮዋ ሕግ ነው። ሽቦ እጁ ላይ ያለውን አረፋ ሳያለቀልቅ ወጣና የጎረቤቱን የጎማ ጠጋኙን ሞተር ሳይክል አስነሳ።

«ሌባ! ኧረ ሌባ!» አለ ጠጋኙ።

«ሌባ አይደለሁም፣ አባት ነኝ!»

መንገዱ አላልቅ አለው። ቀይ መብራቱ ላይ እግሩ አላርፍ ብሎ አስፋልቱን ይደበድባል። ከልጁ ፍርሃት ሥር ደግሞ ሌላ አሳፋሪ ፍርሃት ይርመሰመስበታል። አማቱን ምን ይበላቸው? ፋብሪካው ነው? ስክሪኑ ሲገዛም የተበላሸ ነበር? በራሱ አፈረ፤ ልጁ ከመኪና ኋላ ቆማ እሱ ሰበብ ይለቅማል!

መታጠፊያውን ሲዞር መኪናዋ ግማሿ በሩ ውስጥ፣ ግማሿ መንገድ ላይ ቆማለች። ሞተሩ ይሠራል። መንገድ የተዘጋባቸው ሾፌሮች ክላክስ ይነፋሉ። ሞተር ሳይክሉን ጥሎ በምሰሶው ጎን ተሹለክልኮ ገባ። ሚጡ መኪናዋን ልትነካ ምንም አልቀራትም፤ እጇን ግን አሁንም ታወናጭፋለች።

«ነይ እንጂ አያቴ! ፈራሽ እንዴ?»

አፈፍ አድርጎ አቀፋት።

አማቱ ያን ሁሉ ሕፃን በተቀበሉ ሁለት እጆቻቸው መሪውን ጨብጠው፣ እግራቸው ፍሬኑ ላይ ደርቆ ተቀምጠዋል።

«ያዝካት?»

«ይዣታለሁ፣ እማማ።»

«ድምጿ በዚህ በመስኮቴ በኩል፣ መልኳ በወዲያ በኩል። የቱን ልመን?» አሉ። «ከዚያ ወዲህ እግሬ አልላቀቅ አለኝ።»

ሰበቦቹ ሁሉ ምላሱ ላይ ተሰልፈው ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ካሜራው የገለበጠውን ስክሪኑ ደግሞ ሲገለብጠው አላየሁም። ጽሑፉ ሲነበብ ማወቅ ነበረብኝ።»

ስድብ ጠበቀ፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። አማቱ ግን ሞተሩን አጥፍተው ወረዱና ልጅቷን ከእቅፉ ወሰዷት።

«አስተካክለው።»

ስክሪኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ «ምስሉን ገልብጥ» ከሚለው ጎን ያለችውን ምልክት አጠፋ። አንዲት ምልክት፣ ይኸው ነው። አማቱ ሚጡን ከኋላ ወንበር አስቀመጡና መኪናዋን ትንሽ ወደ መንገዱ መለሷት።

«ሂድ ቁም» አሉት።

«የት?»

«እሷ የቆመችበት።»

ሽቦ ከግራው ምሰሶ ሥር ቆመ። ምልክቷን አጥፍቻታለሁ? ወይስ መልሼ አበራኋት? የኋላ ማርሹ መብራት በራ። መኪናዋ ወደ እሱ መጣች። አንድ እግሩን ለሽሽት አነሳ፤ መለሰው።

«አባዬ፣ ነይ በላት እንጂ!» ብላ ሚጡ በመስኮቱ ጮኸች።

«ይምጡ፣ እማማ» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ይምጡ… ይምጡ…»

መኪናዋ ቀስ ብላ ከእሱ ራቅ አለችና በጎኑ አለፈች። መስኮቱ አጠገቡ ሲደርስ ቆመች። አማቱ ክንዳቸውን አውጥተው ቱታውን ከደረቱ ላይ ጨበጡት።

«አየሁህ» አሉ። ቱታውንም አልለቀቁትም።