ከስክሪኑ ወዲያ የጎደሉ ወንበሮች

ክፍሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ጥያቄ» ነው የሚላት። መምህር «ገባችሁ?» ብሎ ሳይጨርስ የእሷ እጅ ጣሪያ ሊነካ ይደርሳል። የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራቸው ማክሰኞ ማክሰኞ ከጎረቤት አገር ተማሪዎች ጋር በኢንተርኔት ሊያገናኟቸው፣ የሌላውን ባህልና አስተሳሰብ ከራሱ ከባለቤቱ አፍ ሊያሰሟቸው መሆኑን ሲናገሩ፣ የእሷን ያህል የፈነጠዘ አልነበረም።

የኮምፒውተር ክፍሉ ስክሪን ላይ ሃያ አራት ልጆች ይታያሉ። ሁለቱም ወገን በውጭ ቋንቋ እየተኮላተፈ ስለ ሠርግ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ እናት ቁጣ ያወራል። ሳቁ ሌላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጥያቄ ተነሳችና፣

«መጽሐፋችሁ ላይ የሌለ፣ ቤታችሁ ግን የሚወራ ነገር ምንድን ነው?» አለች።

ከወዲያ ማዶ አንድ ባለመነጽር ልጅ፣ ከሥራ ቦታው ተጠርቶ ወጥቶ በዚያው ስለቀረው አጎቱ ተናገረ። ሁለት ልጃገረዶችም የየቤታቸውን አከሉ። ጥያቄ አንድም ሳይቀራት ደብተሯ ላይ ጻፈች።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አሏት መምህሩ።

በሳምንቱ ባለመነጽሩ አልነበረም።

«አሞት ነው» አሉ የወዲያ ማዶዋ መምህርት፣ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሱ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ልጃገረዶቹም ቀሩ። «ቤት ቀይረው ነው» ተባለ። የተረፉት ልጆች ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ ብቻ ያወሩ ጀመር። ጥያቄ ደብተሯን ገለጥ አድርጋ የጻፈችውን አየች። የጠፉት እነዚያው ለእሷ የመለሱት ሦስቱ ነበሩ።

በስድስተኛው ሳምንት በወዲያ ማዶዋ መምህርት ወንበር ላይ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ተቀምጦ ጠበቃቸው።

«ተጫወቱ እንጂ ልጆች፣ እንግዳ አታድርጉኝ» አለ ፈገግ ብሎ። «አንዲት ጎበዝ ጠያቂ አለች ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት። የትኛዋ ናት?»

አጠገቧ ያለችው ጓደኛዋ አንገቷን ልታዞር ስትል፣ ጥያቄ ጉልበቷን ጨምድዳ ያዘቻት። የመምህሩ ፊት አመድ መሰለ።

«ዛሬ አልመጣችም» አሉና መስመሩን ዘጉት።

በማግሥቱ የኮምፒውተር ክፍሉ ተቆለፈ። ርዕሰ መምህሩ «ለጥገና ነው» አሉ፤ ማንም አላመናቸውም።

ወር ካለፈ በኋላ ለጥያቄ ኢሜይል መጣላት። በሦስተኛው ቀን ስልኳን ይዛ የመምህሩ ቢሮ ድረስ ሮጠች። መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት፦ «ባለመነጽሩ ልጅ ነኝ። ደህና ነኝ። የቤትሽን አድራሻ ላኪልኝ፣ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ።»

«መቼ ነው የደረሰሽ?»

«ከትናንት ወዲያ።»

መምህሩ ተነስተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

«እሱ ራሱ መጻፉን በምን አወቅሽ? አልመለስሽለትም አይደል?»

ጥያቄ አቀረቀረች። በሕይወት መኖሩን ስታይ ደስታዋ ልክ አጥቶ፣ ትናንት ከሰዓት የሰፈሯን ስምና የቤታቸውን ቁጥር ልካለታለች።