ለአራሷ የተቀመጠ ቅቤ

አባቱ ቸኮለ ብለው ስም ሲያወጡለት ምን አስበው እንደሆነ እንጃ፤ ሰውየው በዕድሜው ቸኩሎ አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ይቀልድበታል። ዝናብ መጣ ሲሉት ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ፣ አገጩን አሽቶ፣ "እንይ እስቲ" ይላል፤ እንይ እስቲ ሲል በስብሶ ቤቱ ይገባል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ከቡሬ በታች ፈጣም ወንዝ ዳር ዳጉሳና በቆሎ እያረሰ፣ ከሚስቱ ከንግሥቴና ከሁለት ሴቶች ልጆቹ ጋር ማንንም ሳያስቀይም የሚኖር ገበሬ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ሰው ፊት ማፈርን ከሞት አብልጦ ይፈራል። ጉዱን ያመጣበትም ይኸው ነው።

ታላቋን ልጁን ሀብትነሽን ከወንዙ ማዶ ለአያ ገደፋው ልጅ ለየሽዋስ ዳራት። አገሩ ለም፣ ሰዎቹ ጨዋ፣ በበጋ ከቤት እስከ ቤት አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። ክረምት ሲገባ ግን ፈጣም ይሞላና መንገዱ ይዘጋል። ድልድይ ያለው የቡሬው የመኪና መንገድ ላይ ነው፤ በዚያ ልዙር ያለ ሰው በጭቃው ሙሉ ቀን ይፈጅበታል፤ ድልድዩ አጠገብ ደግሞ ኬላ አለ። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት። ሰው ከቀበሌው የሚወጣው ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ይዞ ነው።

በዚያ ዓመት ሀብትነሽ የመጀመሪያ ልጇን ፀነሰች። በአገሩ ልማድ ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ባሏ በግንቦት ለውትድርና ተመልምሎ ከፍኖተ ሰላም በመኪና ተጭኖ ወደ ሰሜን ስለሄደ፣ ልጅቱ ቶሎ ወደ እናቷ ትምጣ የሚለው ነገር የሁሉም ሐሳብ ነበር። ንግሥቴ ከሰኔ ጀምራ ለገንፎው የገብስ ዱቄት፣ ለአራሷ ራስ ለጋ ቅቤ ማጠራቀም ያዘች። ቅቤውን በትንሽ ቅል አድርጋ ከማጀት ሰቅላዋለች። ታናሺቱ ያይኔአበባ ጣቷን ልትሰድ ስትንጠራራ ባየቻት ቁጥር፣ የእህትሽ ነው፣ አንቺም በተራሽ ትቀቢያለሽ እያለች ታባርራታለች።

እንግዲህ ነሐሴ በገባ በአራተኛው ቀን ዝናቡ ጋብ አለና ፈጣም ጎደለ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው እስከ ጭኑ እየገባ ተሻገረ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ዳኘውም ለስብሰባ ቡሬ ወጥቶ ስለነበር ወረቀት አምጣ የሚል አልነበረም። ንግሥቴ በቅሎዋን ጭነህ ልጄን ዛሬውኑ አምጣልኝ አለችው። ቸኮለ አገጩን አሸ። ፍልሰታ ነው፣ በጾም አማች ቤት አይኬድም አላት። ልጁን ሊወስድ ሄዶ ዶሮ ሳይታረድለት፣ ሽሮ በልቶ፣ እሷም በሽሮ ተሸኝታ ልትመጣ ነው? አያ ገደፋውስ ምን ያቅርቡ ብለው ይሸማቀቁ? ደግሞስ ልጅቱ የምትወልደው መስከረም መጨረሻ ነው፤ ገና ነው። ንግሥቴ ሦስቱንም ቀን ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው። በአራተኛው ቀን ወንዙ ሞላ።

ጾሙ ከተፈታ በኋላ ወረቀት ሊጠይቅ ሄደ። ዳኘው ከስብሰባው ተመልሶ ነበርና መጀመሪያ የጋራው ማሳ ይታረማል፣ ወረቀት ከዚያ በኋላ ነው አለው። ቸኮለ ወገቡ እስኪቆረጥ አረመ። ወረቀቱ የተፈረመለት ጳጉሜን ሁለት ቀን ማታ ነው፤ በእሱ ስም ብቻ፣ ለሦስት ቀን።

በማግስቱ ሩፋኤል ነው። የሩፋኤል ዕለት በዚያ አገር ቤተሰብ ሁሉ ወንዝ ይወርዳል። ውሃው የተባረከ ነውና ትልቁም ትንሹም ይጠመቃል፤ ዝናብ ከጣለማ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ሩፋኤል እንዲያሳድጋቸው እየጮሁ ይዘላሉ። ፈጣም ዳር ያሉት ደግሞ የራሳቸው ልማድ አላቸው። ወንዙ ከሚጠብበት ቋጥኝ ላይ የወዲህና የወዲያ ዘመዶች ፊት ለፊት ይቆሙና ክረምቱን ሙሉ ያላወሩትን ይጯጯሃሉ። ላሟ ወለደች፣ እገሌ ታሞ ተነሣ፣ ያ ሰነፍ ዘንድሮም አላረመም ይባባላሉ። እሸት እየተጠበሰ ይበላል፣ ይሳቃል። ክረምቱ አለቀ የሚባለው ያን ቀን ነው።

ቸኮለ በቅሎዋን ጭኖ፣ ንግሥቴ ቅሏን በብብቷ ይዛ፣ ያይኔአበባ የበቆሎ እሸት ታቅፋ ወረዱ። ሁለት ቀን ስላልዘነበ ወንዙ በደረት ልክ ነበር። ሰው በማሻገር የሚታወቀው ዋናተኛው ተስፋው ገብቶ ለካውና፣ ጎበዝ ሰው አሁንም ይሻገራል፣ ነፍሰ ጡር ግን እስከ ቀትር ትቆይ፣ ቀትር ላይ ወገብ ድረስ ይወርዳል አለ።

ማዶ እነ አያ ገደፋው ወርደው ነበር። ሚስታቸው እትዬ ታንጉት ሀብትነሽን ደግፈው ከቋጥኙ ሥር አስቀመጧት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሆዷ ወጥቶ፣ እጇን ስታውለበልብ ንግሥቴ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ሆድሽ ቀድሞሽ መጣ ብላ ቀለደችባት። ያይኔአበባ የወለቀ ጥርሷን ለማሳየት አፏን ከፍታ ቆመች፤ ማዶ ሀብትነሽ ስትስቅ ታየች። ቸኮለ ደስ አለው። አማቹ ዶሮ በድስት አስይዘው መምጣታቸውን ጮኸው ነገሩት። እንደ ወጉ ልትሸኝ ነው። ልቡ ሞላ።

ንግሥቴ ግን ዓይኗን ከልጅቱ አልነቀለችም። ትንሽ ቆይታ የባሏን ክንድ ያዘች።

"ቸኮለ፣ ልጅቱ ወገቧን አሁንም አሁንም ትይዛለች።"

ቁልቁለቱ አድክሟት ይሆናል አላት። ድካም አይደለም፣ ሁለት ልጅ የወለድኩ ሴት ነኝ፣ ምጥ አውቃለሁ አለችው። መስከረም መጨረሻ ያሉት ቆጠራ ተሳስቷል። ተስፋው አሁኑኑ እኔን ያሻግረኝ፣ አጠገቧ ልሁን አለች። ተስፋውም ለአንድ ሰው እችላለሁ ብሎ ልብሱን መፍታት ጀመረ።

ቸኮለ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወረቀቱን ዳበሰ። በእሱ ስም ነው። ያለ ወረቀት ማዶ ብትገኝ የዚያኛው ቀበሌ ጠባቂ ይይዛታል፣ በአማቾቿ ፊት እየተገፋች ልትሄድ ነው። እኔ ልሂድ እንዳይል ወንድ ምጥ ላይ ምን ያደርጋል። ወንዙን አየ፣ ፀሐይዋን አየ። ቀትር እኮ ሩቅ አይደለም።

"ትንሽ ይጉደል" አለ። "እንይ እስቲ።"

አይ ቸኮለ! አፍህን በያዘልህ።

ደመናው የመጣው ከላይ፣ ከደጋው በኩል ነው። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ፣ ቀጥሎ እንደ ጉድ ወረደ። ልጆቹ ተንጫጩ፤ የሩፋኤል ዝናብ መጣ ብለው ልብሳቸውን እየጣሉ በረከቱን ሊቀበሉ ሮጡ። ያይኔአበባም ሮጠች። አሮጊቶቹ ሳይቀሩ መዳፋቸውን ዘርግተው ፊታቸውን አበሱበት። በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል ቸኮለ ብቻ፣ አምላኬ አቁመው፣ ዛሬን ብቻ አቁመው እያለ ቆመ። በረከት አቁም ብሎ የሚለምን ሰው እሱ ብቻ ነበር። ወንዙ ቡናማ ሆነ፣ ግንድ ይዞ መጣ፣ ድምፁ ምድሩን አንቀጠቀጠው። ሀብትነሽ የተቀመጠችበት ቋጥኝ ሥር ውሃ ገባና ማዶ ያሉት ተሸክመው ወደ ላይ አወጧት። አንድ ዛፍ ሥር አስቀምጠው ሴቶቹ በጋቢ ከለሏት።

ንግሥቴ ጠርዙ ላይ ቆማ ጮኸች። ጀርባዋን ደግፉት፣ አታስተኟት፣ ውሃ አጠጧት። ተስፋውም አብሯት ጮኸ፤ በአገሩ እንደሱ ድምፅ ያለው የለም። ወንዙ ሁሉንም ዋጠው። ቸኮለ ጫማውን አውልቆ ገባ። ዋና አይችልም፣ ያውቀዋል፣ ግን ገባ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ውሃው ጠልፎ ጣለው፤ ተስፋው በጋቢው ጫፍ ይዞ ባይጎትተው ኖሮ ሄዶ ነበር። ጭቃ ላይ ጥለውት ደረቱን ሲያሹት ንግሥቴ ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም።

ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ንግሥቴ ተንበርክካ "ማርያም፣ ማርያም" ማለት ጀመረች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሁሉ አብረዋት ተንበረከኩ። ማዶም የሴቶቹ ራስ ዝቅ ከፍ ሲል ስለሚታይ እነሱም ያንኑ እያሉ መሆናቸውን ሰው ሁሉ አወቀ። ዝናቡ አባራ፤ ወንዙ ግን ገና ከደጋው የሚመጣለት ነበረው። በቅሎዋ እንደተጫነች ቆማለች። ቀትር አለፈ፣ ፀሐይ ዘቀዘቀች፣ ከሴቶቹ ጋቢ ሥር የሚታይ ነገር የለም። ቸኮለ ሐሳቡ ሁሉ ወደ ነሐሴ ሄደ። ጭን ድረስ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጭን ድረስ ነበር። ሽሮ በልቶ ቢመጣ ምን ይሆን ነበር?

ወደ ማታ ግድም እልልታ ተሰማ። ቀጭን ሆኖ፣ በውሃው ድምፅ ላይ እየተቆራረጠ መጣ። ንግሥቴ ጣቷን አውጥታ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛ የለም፤ ሴት ናት። እዚህም ሴቶቹ እልል አሉ። ተስፋው ቸኮለን አቀፈው፣ አያት ሆንክ አለው። ቸኮለ ጭቃው ላይ ተቀመጠ፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አያ ገደፋው ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልለው እስከ ውሃው ጠርዝ ወረዱ። ከፍ አድርገው አሳዩ። ንግሥቴ እጇን ወደ ዛፉ ቀስራ፣ ልጄንስ፣ ልጄን አሳዩኝ ብላ ጮኸች። ባይሰሙም የጣቷን አቅጣጫ አይተዋል። አያ ገደፋው ወደ ዛፉ ዞረው አላዩም። ቸኮለ ተነሣና በሁለት እጁ ወደዚያው እያመለከተ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ፣

"ሀብትነሽስ?" አለ።

ሽማግሌው ሕፃኗን ይበልጥ ከፍ አደረጓት። ክንዳቸው እስከሚችለው ድረስ። ከኋላቸው እትዬ ታንጉት ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ደረታቸውን ሲመቱ ድምፁ አይሰማም፤ እጃቸው ብቻ ይታያል።

ሌሊቱን እዚያው አደሩ። ማንም ወደ ቤት እንሂድ አላላቸውም። ሲነጋ ፈጣም ጭን ድረስ ነበር። ውሃው ጠርቷል፤ ተስፋውም አላስፈለገ፤ ንግሥቴ ቀሚሷን ሰብስባ ማንንም ሳትጠብቅ ተሻገረች። ቸኮለ ያይኔአበባን በቅሎዋ ላይ አስቀምጦ ተከተላት። ወረቀትም የጠየቃቸው የለም።

ሀብትነሽን ለቀብር አዘጋጅተው እናቷ እስክትመጣ ጠብቀው ነበር። ንግሥቴ የጠበቋትን ያህል አላለቀሰችም። አጠገቧ ተቀመጠች፣ የከፈኑን ጨርቅ ከፊቷ ገለጠች፣ ፀጉሯን ዳበሰች። ከዚያ ከብብቷ ቅሏን አወጣች። እትዬ ታንጉት ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባቸው እጇን ያዙ፤ ለሞተ ሰው ቅቤ አይደረግም፣ ልማድ አይደለም አሏት። ወደ ቸኮለ ዞረው አንተ ንገራት አሉት። ቸኮለ በሩ ላይ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ቆሟል። ልማድ፣ ወግ፣ ሰው ምን ይላል፤ ራሱን ነቅንቆ ፊቱን ወደ በቅሎዋ አዞረ።

ንግሥቴ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

"አራስ ናት" አለች፤ ቅቤውንም ከልጇ መሐል አናት ላይ አደረገችው።