የድንቢጤ ተራ

ብስክሌቱ አንድ፣ ልጆቹ ሁለት ነበሩ። የኋላ መቀመጫው ስለተሰበረ ማፈናጠጥ አይቻልም። ታላቅ ወንድምየው ታዲያ አንድ ዘዴ ፈጠረ። እሱ እስከ ወፍጮ ቤቱ ግንብ ይነዳል፤ እዚያ ያስደግፈውና በእግሩ ይቀጥላል። ታናሽ እህቱ በእግሯ ትመጣና ከግንቡ ወዲያ እሷ ትነዳለች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀራርበው ይደርሳሉ። መንገድ ላይ የሚገናኙት ታዲያ ደወሉን እያቃጨለች ስታልፈው ብቻ ነበር። ያኔ «በርቺ ድንቢጤ!» ይላታል። ይህን ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ሌላ ሰው በዚህ ስም ቢጠራት ትቧጭር ነበር።

ዛሬ ድንቢጤ ፀጉሯ የሸበተ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት እንኳ አቅቷታል። ወንድሟ አእምሮው ከከዳው ወዲህ የሚጠራት «ሴትዮ» እያለ ነው። ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፤ «እግዜር ይስጥሽ ሴትዮ» ይላታል። ሐኪሙም «እንግዲህ ዕድሜ ነው» ብሎ አሰናብቷታል። የቀራት ምኞት አንድ ብቻ ነው፦ ከመሞቱ በፊት አንዴ «ድንቢጤ» ብሎ እንዲጠራት።

ጠዋት ጠዋት ከቤት ሾልኮ የሚሄደው ወደዚያው ግንብ ነው። ወፍጮው ከቆመ ስንት ዘመኑ! እሱ ግን ግንቡን እየዳበሰ «እዚህ ነበር ያስደገፍኩት፤ ምን ልትነዳ ነው?» እያለ ይጨነቃል።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን በጨው አጥባ የጎረቤቷን የአናጢውን ብስክሌት ተዋሰች።

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ ወገብዎን እንዳይሰብሩት!» አላት አናጢው እየሳቀ።

«የተሰበረ አይሰበርም» አለችው።

በማግስቱ ወንድሟን ቀድማ ሄዳ ብስክሌቱን ግንቡ ላይ አስደገፈችውና ራቅ ብላ ቆመች። ወንድሟ ሲያየው ፊቱ በራ። ጎማውን ጫን ጫን አድርጎ ነፋሱን ሞከረ፣ መቀመጫውን በእጅጌው ወለወለ፤ ከዚያ ልክ እንደ ጥንቱ ትቶት በእግሩ ቀጠለ። ልቧ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ቀሚሷን ሰብስባ ወጣችበት፤ እየተንገዳገደች ነዳች፤ አጠገቡ ስትደርስ ደወሉን አቃጨለችው።

ዞር አለ።

«ሌባ!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ያዙልኝ! የእህቴን ብስክሌት!»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ! ድንቢጤ ነኝ እኮ!»

«ዝም በይ! እሷ ልጅ ናት!» መሪውን ነጠቃት። «መጥታ ስታጣው ታለቅሳለች። ትልቅ ሴትዮ ሆነሽ ከልጅ ትሰርቂያለሽ? አታፍሪም?»

ብስክሌቱን እየገፋ ግንቡ ላይ መልሶ አስደገፈውና እንዳትወስድበት ፊቱ ቆመ። እሷም ተከትላው ሄደች፤ ሌላ የምትሄድበት የላትም። እሱ በአናቷ ላይ አሻግሮ ባዶውን መንገድ አየና በሙሉ ድምፁ ተጣራ።

«ድንቢጤ! ቶሎ ነይ፣ ይዤልሻለሁ!»

«አቤት ጋሼ» አለች፣ ዕንባዋ እየወረደ።

«አንቺን ማን ጠራሽ?» አላት።