ፊት የሌለው ፈታሽ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የላጲስ ወንድም በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሱሪውን ጣለ።

ይህ በዚያ ቤት ነውር አይደለም። ቤቱ የካርቱን ድራማ የሚሠራበት ነው። ሥዕሉ ከመሣሉ በፊት አንድ ሰው ትዕይንቱን በአካሉ ይጫወተዋል፤ በስልክ ይቀረጻል፤ ሠዓሊዎቹ ያንን እያዩ እንቅስቃሴውን ወረቀት ላይ ያወርዱታል። ወንድሟ የድራማው ጸሐፊ ስለሆነ የጻፈውን ሌላ ሰው ከሚጫወትበት ራሱ ወድቆ ራሱ ቢንከባለል ይመርጣል። አፉ ስለማያርፍ ባልደረቦቹ "ምላሱ" ይሉታል። እህቱን ደግሞ፣ ከሠዓሊዎቹ አንዷ ናትና፣ ከመሣል ይልቅ ስታጠፋ ስለምትውል "ላጲስ" ብለው ሰይመዋታል።

የሳምንቱ ክፍል ስለ ጉዞ ነበር። የድራማው ቤተሰብ፣ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ። ኤርፖርት ሲደርሱ ፈታሹ አባትየውን ያስቆመዋል።

"ቀበቶ!" አለ ወንድሟ ፈታሹን ሆኖ፣ ድምፁን አጎርንኖ። ወዲያው ዞሮ አባትየውን ሆነና ቀበቶውን ፈታ። "እጅ ወደ ላይ!" ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። ሱሪው ሸርተት ብሎ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተከመረ። ከሥር ቁምጣ ለብሷል። እጁን እንደሰቀለ ዐይኑን አፍጥጦ፣ "ጌታዬ፣ አሁን ማለፍ እችላለሁ?" አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጠረጴዛ ደበደበ። አለቃቸው እንኳ፣ በዓመት አንዴ ጥርሷ የሚታየው ሴትዮ፣ መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን ጠረገች።

ላጲስ አልሳቀችም። ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጠጉሯ ነደደች። ይህ ነገር ከየት እንደመጣ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ሱሪውን እየታጠቀ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ካቻምና ታላቋ ልጃቸው በሰው አገር ስትወልድ ሊጠይቋት ሄዱ። ለጉዞው አዲስ ሙሉ ልብስ ለራሳቸው ሰፉ። አውሮፕላን ላይ ብዙ ሰዓት ይቀመጣል ሲባል ሰምተው የሱሪውን ወገብ ሰፋ አድርገው ቆረጡት፤ ቀበቶ ይይዘዋል ብለው። ፍተሻው ላይ ቀበቶውን አስወለቋቸው። እጅ ወደ ላይ አሏቸው፤ ሱሪው ወረደ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያለብሱ የኖሩ ሰውዬ በማያውቁት ሕዝብ ፊት ራቁታቸውን ለመቆም ጥቂት ቀራቸው። ፈታሹ ሳቀ። መሳቁ ሳያንስ ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው።

ይህን የነገሩት ለላጲስ ብቻ ነው፤ ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። "ሆድሽ ውስጥ ይቅር" አሏት። እሷም አንድ ዓመት ያህል ሆዷ ውስጥ አኖረችው። ከዚያ አንድ ቀን፣ ወንድሟ "አባባ ዘንድሮ ለምንድነው እንዲህ የከፋው?" ብሎ ቢጨቀጭቃት፣ ይዘንላቸው ብላ ነገረችው። አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ለካ አንገቱን የደፋው እያሰበበት ኖሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ኮሪደር ላይ ይዛ አስቆመችው።

"ጋሼ፣ ይህ የአባባ ነው።"

"የማን አባባ? የካርቱኑ አባት ነው እንጂ።"

"አትቀልድብኝ! እኔ በጆሮህ የነገርኩህ ነው!"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"አሁን ነው ሰው ይሰማል የምትለው? አገር ሊያየው ነው እኮ!"

"ማን እሱ መሆኑን ያውቃል? ካርቱኑ ራሰ በራ፣ አባባ ጠጉሩ እንደ በግ። ራሱም አይነቃበትም። እንዲያውም ይስቃል፣ ታያለሽ።"

"ካልሳቀስ?"

"አንቺ ደግሞ ነገር ማካበድ! ድምፁ ተቀድቷል። አርብ ያልቃል፣ እሑድ ይተላለፋል። ሂጂ እርሳስሽን ያዢ።"

ጠረጴዛዋ ላይ ስትደርስ ግን ከዚህ የባሰ ጠበቃት። የአባትየው የጉዞ ልብስ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ጽሑፉ ሳያልቅ፣ አለቃዋ "ለመንገድ የሚሆን ልብስ ሥሪለት" ብላት የሠራችው እሷ ናት። ሰው የሚያውቀውን ነው የሚሥለው። ኮቱ የአባቷ ኮት ነው። የደረት ኪሱ በትንሹ ያጋደለ፣ የእጅጌው ሦስተኛ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር የተተከለ፣ ኮሌታው ላይ ድርብ ስፌት። በዚያ ከተማ እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ አንድ ሰው ብቻ ነው። ደንበኞቻቸው ሁሉ ስፌቱን ያውቁታል። እሑድ ማታ ደግሞ ደንበኞቻቸው እሳቸው ቤት ተሰብስበው የልጆቻቸውን ሥራ ያያሉ።

ወንድሟ ወሬውን ሰረቀ፤ ልብሱን ያለበሰችው ግን እሷ ናት። እርሳሱን እጇ ውስጥ ሰበረችው።

ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ አባቷ ሄደች። የሚሠሩበት ክፍል በሩ ወደ መንገድ የተከፈተ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ለደንበኛ መቀመጫ አንድ አግዳሚ ወንበር። ማንጠልጠያው ላይ የወንድሟ ሙሉ ልብስ ተሰቅሏል። በሚቀጥለው ሳምንት ለካርቱን ሠሪዎች ስብሰባ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ነው።

"አባባ፣ በድያለሁ" አለችና ሁሉንም ተናገረች። ከትዕይንቱ የሣለቻቸውንም ወረቀቶች ሰጠቻቸው።

እግራቸው የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቀረ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ቀበቶ ሲፈታ። እጅ ሲሰቀል። ሱሪ ሲወርድ።

"ሆድሽ ውስጥ ይቅር ብዬሽ ነበር።"

"አዎ፣ አባባ።"

"ሆድሽ ቀዳዳ ነው።"

ቃሉ ከጥፊ ይብስ ነበር።

እንደገና ገለጡና አንዱ ላይ ቆሙ። "ይህ ጀርባውን የሰጠው ማነው?"

"ፈታሹ ነው።"

"ፊቱስ?"

"ለአላፊ አግዳሚ ፊት አንሠራለትም። ጊዜ ይፈጃል። ከኋላው ሥለን እናልፋለን።"

አባቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በመዳፋቸው መቱት። መቀሱ ዘለለ። "እኔን ሣላችሁ! ሱሪዬን ሣላችሁ! ቁርጭምጭሚቴን ሳይቀር ሣላችሁ! ሲስቅብኝ የነበረው ግን ፊት የለውም! እሱን ማን ይየው?"

ላጲስ ወረቀቶቹን ሰበሰበች። አባቷም፣ "ነገ ወንድምሽ ልብሱን ይለካ በይው" አሉ። "አንቺም ነይ። ስልክሽንና እርሳስሽን ይዘሽ።"

ሐሙስ ወንድሟ በምሳ ሰዓት እያፏጨ መጣ። አግዳሚው ላይ ጎረቤት ጫማ ሠሪና ቀሚሷን የምትጠብቅ አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ሱሪውን ቀየረና ወገቡን በሁለት እጁ ጨምድዶ ወጣ።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ሌላ ሰው ይጨምራል! ቀበቶ ማስገቢያውስ የት ሄደ?"

"ፈታሁት።"

"እንዴ! ለምን?"

"እጅህን ወደ ላይ አንሣ።"

ወንድሟ ሳቀ። አባቱ አልሳቁም። ወንድሟ ሱሪውን አጥብቆ ጨመደደ።

"አባባ፣ ሰው አለ እኮ።"

"እዚያም ሰው ነበረ።"

ወደ እህቱ ዞረ። "ነገርሽው?"

"ነገርኩት። ለአንተ እንደነገርኩህ።"

ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። ሱሪውን ይዞ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ቆመ። ጫማ ሠሪው የራሱን እግር ማየት ጀመረ። ሴትዮዋ "ኋላ እመጣለሁ" ብላ ብድግ ስትል አባትየው "ተቀመጪ እቱ፣ ደርሶልሻል" አሏት።

"አስወጣዋለሁ" አለ ወንድሟ በመጨረሻ፣ ድምፁ ሰልሎ። "ነገ ጠዋት ትዕይንቱን አስወጣዋለሁ። ይቅርታ፣ አባባ።"

"ማን አስወጣ አለህ? የሰረቅሁት ነገር አለ እንዴ፣ የምደበቅ? ሰውዬውን ፊት ስጡት ነው የምለው። እኔ ቆሜ ያየሁትን ሰው ይየው።"

ወንድሟ ከንፈሩን ነከሰ። ጸሐፊ ነውና በዚያ እፍረት ውስጥም አሰበ። "ድምፁ አይነካም። 'ቀበቶ' ይላል፣ 'እጅ ወደ ላይ' ይላል። ሥዕሉ ፈታሹ ላይ ከዋለ ሱሪው መታየት አያስፈልገውም።" እህቱን አየ። "በአንድ ቀን ትደርሺዋለሽ?"

"እደርሳለሁ። ግን ሳይጫወቱት አልሥልም። የቤቱ ደንብ ነው።"

"እኔ እጫወተዋለሁ" አሉ አባቷ።

ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ወንድሟ ፊት ቆሙ። ላጲስ ስልኳን አነሣች።

"ቀበቶ" አሉ። ጮክ ብለው አልነበረም። እንደ ሰለቸው ሰው ነው የተናገሩት። "እጅ ወደ ላይ።"

ወንድሟ ዐይኑን ጨፈነ። አንድ እጁን ለቀቀ። ከዚያ ሌላውን። ሱሪው ወረደ።

አባቷ መጀመሪያ በአፍንጫቸው ሳቁ። ከዚያ አገጫቸውን ሰቅለው፣ ጥርሳቸውን እስከ ድዳቸው ገልጠው ሳቁ። ወደ ጎን ዞረው የሌለውን ጓደኛ በአንድ ጣት ጠሩ፤ በዚያው ጣት የልጃቸውን እግር አሳዩት። ይህን ሁሉ ጊዜ ይዘውት ኖረዋል፣ አንዲት ነገር እንኳ አልጠፋቻቸውም። ክፍሉ ውስጥ ሌላ የሳቀ አልነበረም። ላጲስ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

አባቷ ድንገት አቆሙ። አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤ የበሉት የመረራቸው ይመስል። ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ሱሪ ከወለሉ አነሡና እጁ ላይ አኖሩለት።

"ማስገቢያውን እመልሰዋለሁ፤ ቅዳሜ ና" አሉት። ከዚያ መኪናው ላይ ተቀመጡ።

ላጲስ አግዳሚው ጫፍ ላይ ሆና ሣለች። ወንድሟ ወረቀቱን ከጎኗ ያዘላት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት መስመር እንኳ ሳታጠፋ ጨረሰች። ልጅ እግር ፊት፣ የተላጨ አገጭ፣ የተከፈተ አፍ። አምጥታ አሳየቻቸው።

አባቷ ከስፌቱ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ጥርሱን ጨምሪበት" አሉ። "አንቺን ደግሞ ገና አልታረቅሁሽም።"

"እሺ፣ አባባ" አለችና እርሳሷን ቀረጸች።