አሥራ አንድ ክሬዲት

ቨርሊን ኦስቴቦ በኮሌጃችን ሁለት ወንበር ነበረው፤ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ አሰልጣኝም፣ የመላው ስፖርት ክፍል ኃላፊም እሱ ነው። ሰሜን ዳኮታ ውስጥ፣ በአኩሪ አተር እርሻ መካከል ያለ ትንሽ ኮሌጅ ስለሆነ ይህ ማንንም አይገርምም። የኬሚስትሪ መምህሩስ እሁድ እሁድ ኦርጋን ይመቱ የለ? እኔ ሎርና ሃያ ስድስት ዓመት የቨርሊን ጸሐፊ ነበርኩ። አሰልጣኙ ለኃላፊው የጥያቄ ደብዳቤ ሲጽፍ የምተይበው እኔ፣ ኃላፊው ለአሰልጣኙ «አልተፈቀደም» ብሎ ሲመልስም የምተይበው እኔው። ሁለታችንም እንስቅ ነበር።

በዚያ መከር ልጆቹ ስምንት ጨዋታ ተጫውተው ስምንቱንም አሸነፉ። ሞላላዋን ኳስ ይዞ መሮጥ እንኳ የማይሆንላቸው ቡድኖች ስንት ዓመት እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ስለዚህ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ካሸነፉ ዋንጫው የእነሱ ነው፤ ቨርሊንም ከሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ ዋንጫውን ይዞ ጡረታ ይወጣል።

ሰኞ ጠዋት የተጫዋቾቹን የትምህርት መዝገብ ሳመሳክር እጄ ሮይስ ቴልማን ላይ ቆመ። ሮይስ ከፊት መስመር ቆሞ ተጋጣሚን የሚገፋው ግዙፉ ልጅ ነው። አሥራ አንድ ክሬዲት ይላል። ሕጉ ደግሞ ቢያንስ አሥራ ሁለት ነው፤ ከዚያ በታች የተመዘገበ ልጅ ሜዳ ከገባ ድሉ ይሰረዛል። ሦስት ጊዜ ደመርኩት፤ አሁንም አሥራ አንድ። በሦስተኛው ሳምንት ከኮሌጁ ኳየር፣ ከመዘምራኑ ቡድን፣ ወጥቷል። ኳየር እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ የገናውን መዝሙር ለመስማት ሰው በበረዶ ሦስት ሰዓት ነድቶ ይመጣል። ክሬዲቱ ግን አንድ ብቻ ነው። ልጁ ያለዚያች አንድ ክሬዲት ስድስት ጨዋታ ተጫውቷል።

ወረቀቱን ይዤ ቨርሊን ቢሮ ገባሁ።

«ይሄ ልጅ ለምንድነው ከኳየር የወጣው?»

«እኔ ነኝ ውጣ ያልኩት። ልምምዳቸው ከእኛ የጨዋታ ፊልም ማያ ሰዓት ጋር ይጋጫል።»

«ክሬዲቱን ቆጥረህ ነበር?»

መነጽሩን አወለቀ። ወረቀቱን አየው፣ ገለበጠው፣ መልሶ አየው። የሌሎቹን ቡድኖች ሁሉ ክሬዲት ሲቆጥር የኖረ ሰው የራሱን ተጫዋች ሳይቆጥር ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

«ቨርሊን፣ ከእኔና ካንተ በቀር ያየው የለም» አልኩት። «እስከ ቅዳሜ ዝም እንበል።» ይህን በማለቴ አላፍርም፤ ለእነዚያ ልጆች ስል ከዚህም የባሰ እል ነበር።

«ማርሊስስ?» አለኝ።

 ማርሊስ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኛችን ነበረች። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ልክ ይህንኑ ስህተት ሠራች፤ ከሥራ ያባረራት ቨርሊን ነው። «ሳይቆጥሩ ማሰለፍ ይቅርታ የለውም» ብሎ አስጻፈኝ። እያለቀስኩ ነው የተየብኩት።

«የእሷን የስንብት ደብዳቤ ከፋይል አውጪው» አለ። «ስሙንና ቀኑን ብቻ ቀይሪ።»

«አበድክ እንዴ?»

«ሎርና፣ ተይቢ።»

ተየብኩ። ከኃላፊው ከቨርሊን፣ ለአሰልጣኙ ለቨርሊን። በዚህ ጊዜ አንዳችንም አልሳቅንም። ስድስቱ ድሎች እንዲሰረዙ ለሊጉ የሚላከውንም ጻፍኩ፤ ሁለቱንም ፈረመ፤ እኔም ልኬ ተመለስኩ። ስመለስ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ ፊቱ ቀለል ብሎት አገኘሁት። ንስሐ ገብቶ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ሰው ነበር የሚመስለው፤ ይህ ነገሩ አናደደኝ። ከዚያ ማርሊስ ጋ ደወለ፤ እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«ማርሊስ፣ ያንቺን ስህተት ሠራሁ። ራሴን አባረርኩ።»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ? ላጨብጭብልህ?»

«አይ፣ እንድታውቂው ብዬ ነው።»

«ልጁ ሰምቷል?»

«ገና አልነገርኩትም» አለ ቨርሊን።

«አየህ፣ ያኔም እንዲሁ ነበርክ» አለች። «እኔን ቀጣህ፣ ደብዳቤህን ፈረምክ፣ ሕሊናህን አሳረፍክ። ያሰለፍኳት ልጅ ግን ወሬውን ከጋዜጣ ላይ አነበበች። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች፤ ኳስም አልነካች፣ ትምህርትም አልጨረሰች። ሂድና ንገረው፣ አንተ ግትር ሽማግሌ!» ብላ ዘጋችው።

ካፖርቱን ሳይቆልፍ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። ልጆቹ ሜዳው ላይ በረዶ እየጠረጉ፣ በአካፋ እየተረጫጩ ይሳሳቃሉ። ቨርሊን ሰበሰባቸውና ነገሩን አንድ በአንድ ነገራቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ሮይስ ያደረገው እኔ ያልኩትን ነው። ማንም በክፉ ዓይን እንዳያየው።» አንዱ አካፋውን ወርውሮ ሄደ። ሌላው በቁሙ ያለቅስ ጀመር። እኔም አልቻልኩም፤ ፊቴን አዞርኩ።

ሮይስ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«ስድስቱም?» አለ።

«ስድስቱም።»

ልጁ አካፋውን በረዶው ላይ ተከለ።

«ኮች፣ እኔ እኮ ከኳየር መውጣት አልፈለግኩም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም፣ ልጄ?»

«መቼ ጠየቁኝ?» አለ ሮይስ። የተናገረው በቁጣ አልነበረም። አካፋውን አንስቶ፣ ቅዳሜ የማይጫወትበትን ሜዳ መጥረጉን ቀጠለ።