ያኮንና የጋሽ ማርሽ መኪና

ልብስ ሰፊዋ ያኮን የሚባለውን ሥር መጀመሪያ የቀመሰችው ቀሚስ ልታስጠብብ ከመጣች ደንበኛዋ እጅ ነው። ሲያዩት ስኳር ድንች ይመስላል፤ ሲነክሱት ግን እንደ ፖም ቀጭ ይልና አፍን በጣፋጭ ውሃ ይሞላል። ከሰጠቻት የተረፋትን ሁለት ሥር በባልዲ አፈር ቀበረች። ጠብቃ ጠብቃ ብትቆፍረው በስብሶ አገኘችው። ደንበኛዋ ቀሚሷን ልትወስድ ስትመጣ ይህን ሰምታ በሳቅ ፍርስ አለች።

«የሚበላው እኮ አይበቅልም» አለቻት። «የሚበቅለው ከግንዱ ግርጌ ያለው ጉጥ ነው። ወይን ጠጅ የመሰለ ዓይን ያወጣል፤ ቡቃያው ከዚያ ነው።»

በሌላ ቀን አንድ ጉጥ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችላት።

አሁን የቀረው ቦታ ነበር። ልብስ ሰፊዋና ባሏ የሚኖሩት በባሏ አባት ቤት ነው። ግቢው እኩሌታው ሲሚንቶ ነው። ከቀረው አፈር አንዱ ወገን የጎረቤት ፎቅ ጥላ ያርፍበታል፤ ፀሐይ በሚያገኘው ወገን ደግሞ የአማቷ መኪና ቆማለች። አማቷ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ ሰፈሩ «ጋሽ ማርሽ» የሚላቸው ሰው ናቸው። መኪናዋ ሞተሯ አልዞርም ካለ ዓመታት አልፈዋል። እሳቸው ግን «በሚቀጥለው ወር አስነሳታለሁ» እንዳሉ ናቸው፤ የቤቱም ሰው «እሺ» እንዳለ ነው።

«አባባ፣ መኪናዋን ወደ ጥላው ብናስጠጋትስ?» አለቻቸው።

«ለምን ሲባል?»

«ያኮን ልተክል ነበር።»

«ያኮንም ሆነ ይኩን፣ እኔ አይሁን ብያለሁ» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ባሏ «ተዪው ባክሽ፣ ከአባባ ጋር እልህ አትጋቢ» አላት። አልተወችውም። በመኪናዋ አፍንጫና በግድግዳው መካከል አንድ ክንድ የማትሞላ ክፍተት ነበረች። እዚያ ተንበርክካ ቆፈረች፣ ከወጥ ቤት ልጣጭ ያዘጋጀችውን ብስባሽ ጨመረች፣ ጉጡን ዓይኑን ወደ ላይ አድርጋ ቀበረችው።

ዝናብ ሲያገኝ ያኮኑ ለጉድ በቀለ። ቅጠሉ የሰሃን ያህል ሰፋ፤ ግንዱ በሞተሩ ክዳን ላይ ተንጋሎ እስከ መኪናዋ ጣሪያ ደረሰ። አንድ ጠዋት ጋሽ ማርሽ ክዳኑን ሊከፍቱ ቢሞክሩ ግንዱ አላስከፍት አላቸው። ማጭድ ይዘው ሲመለሱ ምራታቸው ከፊት ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ገለል በይ።»

«አባባ፣ ዛሬ የምር የሚያስነሷት ከሆነ እኔው ራሴ እቆርጠዋለሁ። ከፍተው አይተው የሚዘጉት ከሆነ ግን ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ሽማግሌው ማጭዱን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ለብዙ ቀን ሰላምታ የሚሰጧት እንኳ በግድ ነበር። እሷም ከፋት፤ ውሃ ማጠጣቷን ግን አላቋረጠችም።

ብርዱ ሲበረታ ቅጠሉ ጠቁሮ ወደቀ፣ የቁፋሮው ጊዜ ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ ግንዱን ቆርጣ አፈሩን በእጇ ስትምስ፣ ሥሮቹ ወደ መኪናዋ ሆድ ሥር ገብተው ኖሯል። አንዱን ሳበች፤ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሌላውን ሳበች፤ እሱም ተሰበረ።

«ኧረ እንደ ገመድ አትጎትቺው» አሏት ጋሽ ማርሽ ከኋላዋ። ተኳርፈውም ቢሆን የተበላሸ ሥራ አይቶ ማለፍ አይሆንላቸውም።

«ምን ላድርግ? መኪናዎ ተጭናዋለች።»

ገብተው ክሪክና ጆንያ ይዘው ወጡ። መኪናዋን በአንድ ጎን አነሱ፣ ጎማዋን ፈቱ፣ ድንጋይ ደገፉላት። ከዚያ ጆንያው ላይ በደረታቸው ተኝተው በአሮጌ ካቻቢቴ አፈሩን ይፈለፍሉ ጀመር። እሷ ከዚህ፣ እሳቸው ከዚያ። ፀሐይ ናላ እስክታዞር ድረስ ቀና አላሉም።

«ይብቃዎት አባባ፣ ወገብዎን። የቀረው ይቅር።»

«እኔ ጀምሬ የተውኩት ምን አለ?»

ዓይኗ ሳታስበው ወደ ሞተሩ ሄደ። ዓይኗን ተከትለው እሳቸውም አዩት። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

አንድ ሳፋ ሙሉ አወጡ። ጋሽ ማርሽ አንዱን አጥበው ገመጡና «ውሃ ነው» አሉ ቅር ብሏቸው። ጥቂት ቀን ፀሐይ ካልመታው እንደማይጣፍጥ ነግራቸው ሥሮቹን በሞተሩ ክዳን ላይ ደረደረች። በየቀኑ እየወጡ የሚያገላብጡት እሳቸው ሆኑ። ደግመው ሲቀምሱ ግን ሁለተኛም አነሱ።

«ጉጡ ስንት ቦታ ይከፈላል?» አሉ እያኘኩ።

«አምስት ስድስት ይወጣዋል።»

«የት ልትተክዪው?»

«እሱን እኔም አላውቅም።»

ወደ መኪናዋ ዞር ብለው «መኪናዬን አልሸጥም» አሉ።

«ይሽጧት መቼ አልኩ?»

«አስነሳታለሁ።»

«ያስነሷታል።»

«ጥገናው ጥላ ሥር ሆኖም ይሠራል፣ ለነገሩ» አሉ ጋሽ ማርሽ።

ጉጡን እርጥብ አሸዋ ውስጥ አቆየችው። ብርዱ ሲያልፍ ጎማው ተመልሶ ታሰረ፤ ባሏና ከማዶ ያለው አናጢ ሊገፉ መጡ። ጋሽ ማርሽ ተላጭተው፣ የሥራ ኮታቸውን ለብሰው መሪውን ያዙ። መኪናዋ ሲገፏት ሲጥ ሲጥ እያለች ተንቀሳቀሰች። ወደ ጥላው ሲታጠፉ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ምልክት ሰጡ። አናጢው ሊስቅ ሲል ፊታቸውን አይቶ ዋጠው። መኪናዋ ስትቆም የእጅ ፍሬኗን ሳቡ፣ መሪውን እንደያዙ ቁጭ አሉ። ባሏ ሊጠራቸው ሲል ልብስ ሰፊዋ ክንዱን ያዘችው።

መኪናዋ የለቀቀችው መሬት እንደ ሲሚንቶ ደድሮ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ በዶማ ትለው ጀመር። መዳፏ ውሃ ቋጠረ፤ ጨርቅ ጠምጥማ ቀጠለች። ጋሽ ማርሽ አካፋ ይዘው መጡ።

«ያቺን ጥግ ለኔ ተዪልኝ። አንዷን እኔ እተክላለሁ።»

«ዓይኗን ወደ ላይ ያድርጉ እንግዲህ።»

«ቆፍሪ አንቺ» አሉና አካፋቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ።