ነጭ ጀርባ ላይ የጣለን ውሃ

የልጄ የዙልሚራ ሥራ ሰዎችን ውሃ ውስጥ ይዞ መግባትና ይዞ መውጣት ነው። መግባቱን ማንም ይገባዋል። እኔ ሁልጊዜ ቆሜ የምጠብቀው መውጣቱን ነው።

በዚያ ሳምንት የጀልባው ምግብ አብሳይ ሚስቱ ስለወለደች ቀረ። ዙልሚራም «ማማ፣ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሩዝና ዓሣ ትሠሪያለሽ፣ ከዚያ ጥላ ሥር ቁጭ ብለሽ ታርፊያለሽ» አለችኝ። ጀልባው ከከተማችን ከቪላንኩሎ ተነስቶ የማጋሩኬን፣ የቤንጌራንና የባዛሩቶን ደሴቶች የሚዞር የሸራ ጀልባ ነው። እሺ ያልኩት ለማረፍ አልነበረም። አንድ ነገር ከሚደርስባትና ዜናውን ከሰው አፍ ከምሰማው፣ እዚያው ሆኜ በዓይኔ ልየው ብዬ ነው።

እንግዶቹ ሁለት ነበሩ። ዶና ኦዴቴ ጡረታ የወጡ የሺሞዮ ከተማ ነርስ ናቸው፤ ስልሳ አራት ዓመታቸው ሲሆን ከዚያ በፊት ባሕር አይተው አያውቁም። ለዕረፍት ያመጣቻቸው ልጃቸው ኔሊያ ናት። የጀልባው አዛዥ መስትሬ ጆናሴ ነበር፤ ከአባቱ ጀምሮ ሸራ የሚያውቅ፣ ሰው ሳያስቅ የማይውል ሰው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ካፑላናዬን፣ ያሸረጥኩትን ጨርቅ፣ ከወገቤ ፈትቼ ሦስት ጊዜ አውለበለብኩ። እኛ አሸዋ ላይ ዛጎል የምንለቅም ሴቶች ንፋስ ድምፅ ሲወስድብን የምንጠራራው በዚህ ነው። መጀመሪያ ከዙልሚራ ኋላ ጥቁር ነገር አይቼ ነበር፤ የባሕር ሣር ሆነ። ሁለተኛ፣ ከውሃው በታች ቆየችብኝ፤ ለካ ኤሊ እያየች ነው። ሦስተኛው ጊዜ ምንም አልነበረም፣ እንዲያው ዞር ብላ እንድታየኝ ነው።

«እንግዶች ፊት ታሳፍሪኛለሽ» አለችኝ ከነመጥለቂያ መነጽሯ ጀልባው ላይ እየወጣች። «ከአሁን ወዲያ ብታውለበልቢ ዞሬም አላይሽም።»

«ተያት» አለ ጆናሴ፤ «ጨርቋን እያደረቀች ነው በያቸው።»

በሁለተኛው ቀን ኔሊያን የአየር ሲሊንደር አሸክማ ወደ ጥልቁ አወረደቻት። እኔ ከላይ ሆኜ አረፋው የሚወጣበትን ቦታ ሳይ ዋልኩ፤ ዓሣውንም ስልጥ እጄ እንጂ ዓይኔ አልነበረበትም። ከሰዓት በኋላ ተራው የዶና ኦዴቴ ሆነ። መነጽሩን አጥልቀው፣ መተንፈሻ ቧንቧውን ነክሰው፣ የጀልባውን መሰላል በአንድ እጃቸው እንደያዙ ፊታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ቀና ሲሉ ቧንቧውን ከአፋቸው አውጥተው ልጄን አዩዋት።

«ስልሳ አራት ዓመት ሙሉ ይኼ ሁሉ እዚህ ነበረ?»

«ነበረ፣ ዶና ኦዴቴ።»

«ታዲያ ምነው ማንም አልነገረኝ?»

ይህን ሲሉ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። እኔም ፊቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ አላውቅም። እዚሁ ተወልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ዛጎል ለቅሜ፣ ባሕሩን የማውቀው በእግሬ ብቻ ነው። ከጉልበቴ በታች ያለውን ሁሉ በጣቴ እየዳበስኩ አውቀዋለሁ፤ ዓይቼው ግን አላውቅም። 

የሦስተኛውን ቀን ነገር ከመናገሬ በፊት ስለ ነጭ ጀርባ ልናገር። ነጭ ጀርባ ባሕሩ በየዕለቱ ከዳር ሲሸሽ ብቅ የሚል ረጅም የአሸዋ ጉብታ ነው። ማፓሎ የምንለውን ዛጎል የምንለቅመው እዚያ ነው። ከጎኑ ወራጅ ውሃው የበረታበት ጥልቅ መተላለፊያ አለ። ልጆች እዚያ እንዳይጫወቱ የኛ እናቶች ሁሉ አንድ ነገር ይነግሯቸዋል፦ ያ ወራጅ የያዘውን ክፍት ባሕር ላይ ወስዶ ይጥላል፣ ማንንም መልሶ አያውቅም፣ ከያዘሽ እስክትሞቺ ታገዪው። እናቴ ለእኔ ነግራኛለች። እኔም ለዙልሚራ ገና አፏን ሳትፈታ ጀምሬ ነግሬያታለሁ።

እውነቱ ሌላ ነው። ባሕሩ መሸሽ በጀመረበት በመጀመሪያው ሰዓት ወራጁ ዞሮ የነጭ ጀርባ ጅራት በምንለው ጫፉ ላይ ነው የሚጥለው። ዝም ብሎ የሄደለት ሰው እግሩ አሸዋ ይነካል። የታገለው ግን ይዘገያል፤ እሱ ሲታገል ጉብታው ይደርቃል፣ ያን ጊዜ ውሃው በጎንና በጎን ተከፍሎ የምሩን ወደ ክፍት ባሕር ይወጣል። አንዲት ልጅ ይህን የምትሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ዛጎል ልትለቅም የወጣች ዕለት ነው። ታላላቆቿ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ያቆሟትና ይነግሯታል። ከዚያ በኋላ እሷም በተራዋ ለልጆች ትዋሻለች።

ዙልሚራ አንድም ቀን ዛጎል ለቅማ አታውቅም። ያልፈቀድኩት እኔ ነኝ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ወገቤን ጎንበስ እንዳደረግኩ ዕድሜዬ አለፈ፤ እሷ ቀና ብላ ትሂድ አልኩ። ትምህርት ቤት ላክኋት፤ ከዚያ ደግሞ ማን እንደነገራት እንጃ፣ ጠላቂ ሆና መጣች። እውነቱ የሚነገራት ቀን ሳይደርስ ቀረ። እኔም ለመንገር አላሰብኩም። ክፉ ነገር ሁሉ ሲታሰበኝ ያቺ አንዷ ሳትታሰበኝ ቀረች።

በሦስተኛው ቀን ከመተላለፊያው በላይ ባለው የኮራል ድንጋይ አጠገብ መልሕቅ ጣልን። ዶና ኦዴቴ ትናንት ያየኋትን ኤሊ ዳግመኛ ካላየሁ አልሄድም አሉ። ዙልሚራ ባሕሩ ሳይሸሽ ግማሽ ሰዓት ብላ ይዛቸው ገባች፤ ዶና ኦዴቴ ቀዩን ተንሳፋፊ ቀለበት ይዘዋል፣ ልጄ የቀለበቱን ገመድ ይዛለች። ኔሊያ ማዕበሉ ስላጥወለወላት ጥላው ሥር ተኝታለች። እኔ የኮኮናት ሩዝ እሳት ላይ ጥጄ ነበር።

ቀና ስል ቀዩ ቀለበት ሩቅ ነው። ኤሊዋን ሲከተሉ ርቀዋል፣ ባሕሩም መሸሽ ጀምሯል። ዙልሚራ ወደኛ እየዋኘች ነው፤ እግሯ ውሃውን ነጭ እያደረገው ነው፤ ግን አይቀርቡም። ጭራሽ እየራቁ ነው።

«ጆናሴ።»

«አይቻቸዋለሁ።» መልሕቁን መሳብ ጀምሯል። ገመዱ ተወጠረ እንጂ ምንም አልመጣም። «ድንጋይ ይዞታል። ዞሬ ካላላቀቅኩት አይመጣም። ሩብ ሰዓት።» ከዚያ ዓይኑን ከቀዩ ቀለበት ሳያነሳ «ግን ይህች ልጅ ምን ያታግላታል? ዝም ብትል ጅራቱ ላይ አይደል የሚያወጣት?» አለ።

ወደ ጀልባው ጠርዝ ሄድኩ።

«ማማ ዙልሚራ፣ አልነገርሻትም እንዴ?»

ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው። እድሜ ልኩን ሲስቅ ያየሁት ሰው ነው።

ጮህኩ፤ ንፋሱ ፊት ለፊት ስለነበር ድምፄ ተመልሶ ፊቴ ላይ መጣ። ካፑላናዬን ፈትቼ አውለበለብኩ። አየችኝ፤ ጭንቅላቷ ወዲህ ዞር ሲል በደንብ አይቻለሁ። ከዚያ መልሳ ዋናዋን ቀጠለች። ጥሪዬን በመጀመሪያው ቀን በባሕር ሣር ጨርሼዋለሁ።

አጠገቤ ባዶ የዘይት ጄሪካን ነበር፤ ሃያ ሊትር የሚይዘው ቢጫው። ክዳኑን አጠበቅኩት፣ በካፑላናዬ ከደረቴ ጋር አሰርኩት።

«ምን ልታደርጊ ነው? ዋና አትችዪም እኮ» አለ ጆናሴ።

«ሩዙን እየው» አልኩትና መሰላሉን ወረድኩ።

ውሃው ካሰብኩት ይልቅ ይሞቃል። እግሬ ሥር ምንም አለመኖሩ ነው ያስጨነቀኝ፤ እግሬ እንደ ዕውር እጅ ወዲህና ወዲያ ይፈልጋል። ወራጁ ግን ሳልጠይቀው ይዞኝ ሄደ። መቅዘፍ አላስፈለገኝም። ጄሪካኑን አቅፌ፣ የማውቀውን ጸሎት ከመሀል ጀምሬ እየደገምኩ፣ ቀዩ ቀለበት ወደ እኔ እየመጣ መሰለኝ።

ዙልሚራ የቀለበቱን ገመድ በጥርሷ ነክሳ በሁለት እጇ ትዋኛለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ዶና ኦዴቴ ቀለበቱ ላይ ክንዳቸውን አድርገው በሌላው እጃቸው ውሃውን ይቀዝፋሉ። ቀድመው ያዩኝ እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ እናትሽ እየመጡ ነው።»

«በምን?» አለች በጥርሷ መሀል።

«በጄሪካን።»

አጠገባቸው ስደርስ ቀለበቱን ያዝኩ። «ተዪው» አልኳት። «እግርሽን አሳርፊ፣ ይውሰደን።»

«ወደ ክፍት ባሕር እኮ ነው የሚወስደን። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ገመዱ ከጥርሷ ሊወድቅ ትንሽ ቀረው። «ምን?»

«ነጭ ጀርባ ላይ ነው የሚጥለው። እንዳትገቢበት ብዬ ነው። ሁላችንም ልጆቻችንን እንዋሻለን፤ እኔንም እናቴ ዋሽታኛለች።»

«አሁን ደግሞ እንዳልፈራ ብለሽ አለመዋሸትሽን በምን አውቃለሁ?»

  ዶና ኦዴቴ የልጄን የእጅ አንጓ ይዘው «ጠቡን አሸዋው ላይ ትጨርሱታላችሁ። የልብሽ ምት ከመቶ ስልሳ በላይ ነው፤ ጉልበትሽ ብዙ አይቆይልሽም» አሉ፤ የታማሚ አልጋ አጠገብ የቆሙ ያህል ረጋ ብለው።

ዙልሚራ ጄሪካኑን አየች። ካፑላናውን አየች። ከዚያ እኔን።

«ዋና ሳትችዪ ነው የገባሽው?»

«አዎ።»

«ዝናብ ሲያካፋ ከቤት የማትወጪው ሴትዮ።»

«አዎ አልኩሽ።»

«እንግዲያው እውነት ነው» አለችና ገመዱን ተፋችው።

ወሰደን። ስለ መጀመሪያው ሰዓት ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ምን ያህል እንደታገለች አላውቅም ነበር፣ ሰዓቱ አልፎ ከሆነም ማወቃቸው ምን ይጠቅማል? ከፊታችን ያለውን የውሃ ቀለም ብቻ እያየሁ ነበር። ሰማያዊ ነው። አሁንም ሰማያዊ ነው። ዶና ኦዴቴ «መሄዳችን ካልቀረ» አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው ፊታቸውን መልሰው ነከሩት። አንዴ ቀና ብለው «ከበታቻችን እንደ ጠረጴዛ ጨርቅ ሰፊ፣ ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ እያለፈ ነው» ብለው ተመለሱ። ዙልሚራ ትስቅ ጀመር፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ከዚያ ደግሞ መልሶ ሳቅ ሆነ። እጇን ጄሪካኑ ላይ፣ በእጄ ላይ አሳረፈች።

ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ እንደ ወተት ነጣ። የእግሬ አውራ ጣት አሸዋ ነካ፤ ከአሸዋው ሥር የማፓሎ ጠርዝ። በእግሬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጅራቱ ላይ ሉርዴስና አራት ሴቶች ጎንበስ ብለው ይለቅሙ ነበር። ሉርዴስ ከእኔ ጋር ሠላሳ ዓመት የለቀመች ናት። ቀና ብላ ሦስታችንን አየችና ወገቧን ያዘች።

«ፌሊዝሚና፣ ዘይት አልቆብሽ ነው በባሕር የመጣሽው?» አለችኝ።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ሉርዴስ ግን ልጄ እንዴት እንደምትንቀጠቀጥ አይታ ሳቋን አቆመች። «ያልተነገራት ናት?» አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ሉርዴስ ማሰሮዋን አስቀመጠች። ዙልሚራን እጇን ይዛ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ መልሳ አቆመቻት፤ ሌሎቹም ዙሪያዋን ቆሙ። እኔም ተነስቼ ገባሁ፤ ዶና ኦዴቴም «እኔም ልስማው» ብለው መጡ። ሉርዴስ እናቶቻችን በነገሩን አነጋገር፣ ቃል ሳትጨምርና ሳትቀንስ፣ ውሃው ከየት ዞሮ የት እንደሚጥል፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያምኑትና ከዚያ በኋላ እንደማያምኑት ነገረቻት። ዙልሚራ በሃያ አራት ዓመቷ፣ ያን ሁሉ የመጥለቅ ምስክር ወረቀቷን ይዛ፣ እንደ ትንሽ ልጅ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ስለ መጀመሪያው ሰዓት ሲነገራት ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ዓይኔን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

«ስንት ደቂቃ ቀርቶን ነበር?» አለች።

ሉርዴስ ከኋላችን የደረቀውን አሸዋ አየች። «ተይው፤ ደርሳችኋል።»

ከዚያ ልጄ መነጽሯን ከአንገቷ አወለቀች፣ መስታወቱን በምራቋ አሽታ አጠበችውና በእኔ ራስ ላይ አጠለቀችው። «ጎንበስ በይ። ጉልበትሽ ድረስ ብቻ ነው፣ አይገድልሽም።»

ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ማለትማ ለኔ አዲስ አይደለም። እግሮቼን አየኋቸው፤ ከእነሱ አጠገብ የሉርዴስን የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የልጄን ቀጭን ቁርጭምጭሚት። የጥፍር ያህል የሆኑ ቢጫ ዓሦች በጣቶቼ መሀል እየገቡ ይወጣሉ፤ ምናልባት ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሲያደርጉ ነበር። ቀና ስል መነጽሩ ውስጥ ውሃ ነበር። ዙልሚራ «መነጽሩ አፍስሶ ነው» አለች፤ እኔም አፍስሶ ነው አልኩ።

ጆናሴ ጀልባውን ይዞ ሲደርስ ኔሊያ ገና ሳይቆም ዘልላ እናቷን አቀፈች። «ሩዙስ?» አልኩት። «አርሯል» አለ። ሉርዴስ ከማሰሮዋ ማፓሎ ሰጠችን፤ ያረረውን ሩዝ ከነቅርፊቱ፣ በዛጎሉ መረቅ አርሰን፣ ሁላችንም እስከ ታች ድረስ በላነው። ባሕሩንም፣ ሉርዴስንም፣ ያን ቢጫ ጄሪካንም በልቤ አመሰገንኩ። እናቴን ጭምር።

ወደ ቪላንኩሎ ስንመለስ ዙልሚራ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተኛች መስሎኝ ነበር።

«ሌላስ ምን ዋሽተሽኛል?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ብዙ።»

«ንገሪኛ፣ መንገዱ ረጅም ነው።»

አንድ በአንድ ነገርኳት። ጆናሴ መሪውን ይዞ እየሰማ፣ አንዳንዱን «እሱን እንኳ እኔም አምኜ ነበር» ይላል። ወደቡ ሲታይ ገና አልጨረስኩም ነበር። በመጨረሻ አንድ ስምምነት ላይ ደረስን፤ እሷ ሥራ ላይ ስትሆን እኔ ካፑላና ማውለብለብ የምችለው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሷ ደግሞ ያቺን አንዷን ሳታይ አታልፍም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አብሬያት ወጥቻለሁ። ከኋላዋ ጥቁር ነገር ያየሁ ሲመስለኝ የካፑላናዬን ቋጠሮ እይዛለሁ እንጂ አልፈታውም። ያቺን አንዷን ለክፉ ቀን አስቀምጫታለሁ፤ ልጄም እስካሁን በየቀኑ ወጥታልኛለች።